ፖስት ዶክ ዲግሪ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ የፖስት ዶክ ማስታወቂያ ላከልኝ። ኳንተም ፊዚክስ፣ ናኖ ሳይንስ፣ ማቴሪያል ሳይንስ... ፒኤችዲውን እዚሁ አገር ጨርሷል። «ቲቸር፣ ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?» ይለኛል። ባለ ዲፕሎማው ለዶክተር ሲመክር አያችሁልኝ!

ያመነታው ለምን መሰላችሁ? ወረኢሉ ያሉት አባቱ «ዶክተር ሆንኩ ብለኸን አልነበር? ደግሞ ምን ቀረህ?» ብለውት ነው።

ጋሼ፣ ፖስት ዶክ ዲግሪ አይደለም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ሌላ ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ለሁለት ዓመት፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚመራመርበት ሥራ ነው። ለወሎ ሰው ይሄ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ደረሳው ዳና የሚቀራውን ቀርቶ ለሌላው ኪታብ ወደ ሌላ ሼህ ይሄድ የለም? የቆሎ ተማሪውስ ከዋሸራ ቅኔ በኋላ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይል የለም? «አልጨረስክም ወይ?» ያለው የለም። መምህሩ እዚያ ነው፣ ይሄዳል።

በናኖ ደግሞ መሣሪያው ነው እዚያ ያለው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ያንን የሚያሳይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በቀላሉ አይገኝም። እኔማ ክፍል ውስጥ አተምን የማሳየው በጠመኔ ስዬ ነው።

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ተወልደው በአብዮቱ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር የተሰደዱ፣ የግዕዙ ሊቅ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው። አሜሪካ ተምረው፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ማክስ ፕላንክ ተቋም ሄደው ሠርተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ጠጣር አሲድ ለነዳጅ ሴል እንደሚያገለግል ያሳየውን ጥናት ከባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር ላይ አሳተሙ።

«ሄዶ ይቀራል» የምትሉም አላችሁ። አልዋሽም፣ ብዙ ሰው ይቀራል። ግን ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ዶክትሬታቸውን ህንድ ባንጋሎር ሠርተው ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላምም ካምብሪጅ ተምሮ ላሆር ተመለሰ፤ ከሳይንስ ጓዶቹ ተለይቶ ብቻውን መሆኑ ግን አላሠራው ብሎ እንደገና ወጣ። በ1964 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ የፊዚክስ ማዕከል ያቋቋመውም የድሃ አገር ተመራማሪ አገሩን ሳይለቅ እየተመላለሰ እንዲሠራ ብሎ ነው። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ጓድ፣ በማስተማር ብቻ ተወጥሮ የሚኖር ተመራማሪ እኮ እዚሁ ሆኖም ቀርቷል።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ቴሌግራም ላይ «ለማመልከቻ ይህን ያህል ላኩ» የሚላችሁን ዝጉት። ፖስት ዶክ ይከፍላችኋል እንጂ አያስከፍላችሁም። ማስታወቂያም ብቻ አትጠብቁ። የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ አንብባችሁ፣ ምን ልትጨምሩበት እንደምትችሉ በአንድ ገጽ ጻፉለት። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚበትን መልስ አያገኝም።

አንተም ልጄ፣ አመልክት። ደብዳቤህን እስከ ዓርብ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አባትህን አገኛቸዋለሁ፤ የእሳቸውን ነገር ለእኔ ተወው።