የሚሸረሽረው ጎርፍ፣ የሚከሰሰው ጎማ፦ ስለ የካና እንጦጦ ደን ብስክሌተኞች የቀረበ ምላሽ

ከቦሌ፣ ከአያትና ከኮተቤ ተነሥተው በየካ ተራራና በእንጦጦ ደን ውስጥ የሚነዱ ብስክሌተኞች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ይደመጣል። ሐሳቡን ሳላዛባ ባጭሩ ላስቀምጠው። ብስክሌት አፈሩን ይሸረሽራል፤ እግረኛውንና ተሳላሚውን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ደን ሊጠበቅ እንጂ ሊጋለብበት አይገባም፤ ስፖርቱም የጥቂት ባለገንዘቦች ቅንጦት ነው፤ ለእነርሱም ቢሆን እንጦጦ ፓርክ ይበቃል። ስለዚህ ከፓርኩ ውጭ ባለው የመንግሥት ደን ውስጥ ብስክሌት ፈጽሞ ይከልከል።

ይህን የሚሉት ወገኖች ለደኑ ተቆርቋሪ መሆናቸውን አልጠራጠርም። አንዳንዱ ስጋታቸውም እውነት አለው፤ በቦታው አነሣዋለሁ። ነገር ግን ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱም ወደ ጠቅላላ ክልከላ አያደርስም። በቅደም ተከተል እንያቸው።

1. «ብስክሌት አፈር ይሸረሽራል»

የዚህ ክርክር ስሕተት መጨረሻ የታየውን ዱካ እንደ ጥፋቱ መነሻ መቁጠሩ ነው። ከኮተቤ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የሚሄድ ሰው የተቦረቦረ መንገድ ያያል፤ በቦረቦሩ ውስጥ የጎማ ምልክት ያገኛል፤ ጥፋተኛው ጎማው ነው ብሎ ይደመድማል። መንገዱን ግን ብስክሌተኛ አላወጣውም። የአህያ፣ የከብት፣ የእንጨት ተሸካሚና የምእመናን እግር ያወጣው፣ ብዙ ቦታ ላይም ዳገቱን በቀጥታ ሰንጥቆ የሚወርድ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ በክረምት የጎርፍ መውረጃ ይሆናል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ አፈሩ የዝናቡን ጉልበት የሚያበርድለት ልባስ ያጣል። እዚያ ላይ ማንም ባይነዳ ቦረቦሩ ከዓመት ዓመት መስፋቱ አይቀርም።

በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶችም የተለመደውን ግምት አይደግፉም። ዊልሰንና ሴኒ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎርፍ ለመወሰድ የተዘጋጀ ልቅ አፈር በብዛት የተገኘው የፈረስ ኮቴና የሰው እግር በረገጡት ላይ እንጂ ጎማ ባለፈበት ላይ አልነበረም። ተርስተንና ሪደር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የካናዳ ጥናት ደግሞ፣ በደን ወለል ላይ እስከ 500 ጊዜ በእግርና በብስክሌት ተመላልሰው ጉዳቱን ለክተዋል፤ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በየካ አፈር ላይ አይደለም። ፍሬን ቆልፎ ጎማ እያንሸራተተ የሚወርድ ጋላቢ መንገድ እንደሚያበላሽም አልክድም። ክርክሩ ግን ስለ ንጽጽር ነው። እግረኛ ይግባ፣ ብስክሌተኛ አይግባ የሚል ወገን ብስክሌቱ ከእግር የባሰ መሆኑን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ይህ ማስረጃ እስካሁን አልቀረበም።

2. «እግረኛን አደጋ ላይ ይጥላል»

ከአምስቱ ነጥቦች እውነተኛ ክብደት ያለው ይህ ነው። እንጨት ተሸክማ፣ አጎንብሳ ቁልቁል የምትወርድ እናት ከኋላዋ የሚመጣውን አታይም። ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናንም በሚሳለሙበት መንገድ ላይ በድንገት ጎማ ሊያጋጥማቸው አይገባም።

ሆኖም «ግጭት ሊደርስ ይችላል» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ ይከልከል» ማለት መሐል ላይ ያለውን ጥያቄ መዝለል ነው፦ ከክልከላ የቀለለ መፍትሔ የለም ወይ? አለ። ቁልቁለቱን ከእግረኛ መንገድ መለየት፣ ጠባቡን መንገድ ባለአንድ አቅጣጫ ማድረግ፣ በበዓላት ቀንና በቅዳሴ ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አለመንዳት፣ እግረኛ ሲያጋጥም ብስክሌተኛው ወርዶ እንዲያሳልፍ ማስገደድ ይቻላል። እነዚህ ሳይሞከሩ የመጨረሻውን እርምጃ የመጀመሪያ ማድረግ አያስኬድም።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ከደኑ የተባረረ ብስክሌተኛ ብስክሌቱን አይሸጥም፤ ከሚኒባስና ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋ አስፋልት ላይ ይነዳል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እነርሱን የሚገድለው ደግሞ መኪና ነው። አደጋን ከደን አውጥቶ ወደ ጎዳና መውሰድ አደጋን መቀነስ አይባልም።

3. «ደን ሊጠበቅ እንጂ ሊጋለብበት አይገባም»

ይህ አባባል ጥበቃንና አጠቃቀምን እንደ ባላጋራ ያያል። የአገሪቱ ሕግ ግን እንዲህ አያያቸውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ስሙ ራሱ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ይዟል። ብስክሌትን በስም አለመጥቀሱ ፈቃድ ነው ብዬ አልከራከርም። በዚያው ልክ ክልከላ ነው ተብሎም ሊጠቀስ አይችልም። ከዝምታ ሕግ አይወጣም።

የደኑ ታሪክም ይህን አባባል አያግዝም። የእንጦጦና የየካ ተራሮች ዛሬ በአብዛኛው የለበሱት ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተብሎ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ሰው ያልገባበት ጫካ ሆኖ አያውቅም። ታላላቅ ሯጮቻችን የተለማመዱትም እዚያው ነው፤ ሯጭ ይከልከል ያለ ሰው አልሰማንም። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንደገና እየተተከሉ ባሉበት ቦታ ግን ችግኙ እስኪጸና ድረስ ብስክሌትም ሆነ እግረኛ ባይገባ ተገቢ ነው። መለኪያው የቦታው ሁኔታ መሆን አለበት።

የሌሎች አገሮች ልምድም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ለእግረኛውም ለብስክሌተኛውም የመግባት መብት ሰጥታለች፤ መብቱ የጸናው በኃላፊነት እስከተጠቀሙበት ድረስ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ሕግ በከለለቻቸው የዱር ሥፍራዎች ብስክሌት አታስገባም፤ ከዚያ ውጭ ባሉ ብዙ የመንግሥት ደኖች ግን ትፈቅዳለች።

4. «የባለገንዘብ ቅንጦት ነው»

ይህ ክርክር ነገሩን ትቶ ሰውየውን ይመለከታል። ጋላቢው ሀብታም መሆኑ መንገዱን የበለጠ አይቦረቡረውም፤ ድኻ መሆኑም አያድነውም። መነሻ ግምቱም ቢሆን ልክ አይደለም። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ብስክሌት የተማሪና የሠራተኛ መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስፖርቱን ቅንጦት የሚያደርገው መለማመጃ በክፍያ ብቻ ሲገኝ ነው። ነጻውን የደን መንገድ መዝጋት አለ የተባለውን ልዩነት ራሱ ይፈጥረዋል።

5. «እንጦጦ ፓርክ ይበቃል»

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለብስክሌት ስፍራ ማዘጋጀቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ይህ ነጥብ የራሱን ወገን ክርክር ያፈርሳል። በተዘጋጀ መንገድና በሕግ ከሆነ ብስክሌትና ደን አብረው ይኖራሉ ማለቱ ነውና፣ በእንጦጦ የተቻለው በየካ የማይቻልበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል።

የከተማው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የብስክሌት መስመር ዘርግቷል። የከተማው አስተዳደር በአንድ እጁ የምሥራቅ አዲስ አበባን ወጣት ብስክሌት ንዳ እያለ፣ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ተራራ ሲደርስ በሌላ እጁ ሊመልሰው አይገባም።

የክልከላ ደጋፊዎች ክርክር ጠቅላላ ስሕተት ስለ መንገድ አሠራር የሚነሣውን ጥያቄ ስለ ተሽከርካሪ ዓይነት አድርጎ ማቅረቡ ነው። ዳገቱን ተከትሎ በአግድም የሚሄድ፣ ውሃ መቀልበሻ ያለው፣ በከባድ ዝናብ ወራት የሚዘጋ መንገድ እግረኛንም ጎማንም ይችላል። ዳገቱን ሰንጥቆ የሚወርድ መንገድ ሁለቱንም አይችልም። ክልከላው ይህን መጥፎ መንገድ እንዳለ ይተወዋል፤ ከዚያም አልፎ አካፋ ይዘው ሊጠግኑት ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ያባርራል።

ስለዚህ ክልከላ ለሚሹ ወገኖች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል እንደተጎዳ ለክታችሁ አሳዩን። ያ መንገድ ለሁሉም ይዘጋ፣ ይጠገን፣ ከዚያም ይከፈት። ማስረጃ ሳይቀርብ ግን ደኑ በአንድ ወገን ሰዎች ላይ ሊዘጋ አይገባም።