የመኪናው አንጐል ከመለወጡ በፊት

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የተጓዙ እንደ ሆነ የጣርማበርን ቁልቁለት ያውቁታል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥተው፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲናንና አርማንያን ወደ ኋላ ትተው፣ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ካፖርትዎን አውልቀው የሸሚዝዎን ቁልፍ ይፈታሉ። አብሮዎት የወረደው ሞተርስ ምን ያደርግ ይሆን ብለው ጠይቀው ያውቃሉን? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

ሞተር የሚሠራው ነዳጅና አየር በልክ ሲገናኙለት ነው። በጣርማበር ላይ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ወለል አየር ጋራ ሲመዛዘን በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የጥንቱ ባለ ካርቡራተር መኪና ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተስተካከለለትን ነዳጅ ደጋ ላይም ይጠጣል፤ ስለዚህ ጥቁር ጭስ እየተፋና እያቃሰተ ይወጣል። የዛሬው መኪና ግን መጠኑ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ አስተዋይ ሣጥን አለው። ይህ ሣጥን የሚገባውን አየር ብዛት፣ የሞተሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የሹፌሩንም እግር አረጋገጥ ከየሰንሰሩ ይቀበልና ነዳጁ ለስንት ሺኛ ሰከንድ እንደሚረጭ፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ይወስናል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ነዳጁንና እሳቱን አንድ ላይ የሚያዝ እንዲህ ያለ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ1979 በቢ ኤም ደብሊው መኪና ላይ አውሏል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት የመካኒኮቻችን ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ሲሆኑ፣ ይህ ሣጥን ግን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ በየጋራዡ «ኮምፒውተር» ብቻ ይባላል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ይህ ሣጥን ሲታመም ነው፤ ወይም የታመመ ሲመስል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ አለ እንበል። በገበያ ቀን ሰውና ሽንኩርት፣ ማሾና ማሽላ ጭኖ ሲሄድ፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣች ጊዜ ጀውሃ ላይ ቀጥ ይላል። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መኪናው ምንም እንዳልነበረበት ይነሣል። በማግሥቱም እንዲሁ ይሆናል። መካኒኩ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቅና «ኮምፒውተሩ ሄዷል» ብሎ ይፈርዳል። ባለቤቱ የዕቁቡን ገንዘብ ቀድሞ ይለምናል፤ ያም ባይበቃ በሬ ይሸጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ አሮጌ ሣጥን ይገዛል። የአንድ ጀማሪ ጸሐፊ የጥቂት ወራት ደመወዝ በአንድ ቀን ይጠፋል። ሣጥኑ ከተለወጠ በኋላ ሚኒባሱ ሦስት ቀን ይሠራና በአራተኛው ቀን እዚያው ጀውሃ ላይ ይቆማል። ይህ ነው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ለምን በሣጥኑ ተፈረደበት? ውስጡ ስለማይታይ ነው። የተበጠሰ ቀበቶ ይታያል፤ የፈሰሰ ዘይት ይሸታል፤ ሣጥኑ ግን ዝም ያለ ስለ ሆነ ያልታወቀው ጥፋት ሁሉ በእርሱ ላይ ይላከካል።

እውነት ነው፤ ሣጥኑም በእርግጥ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። የቶዮታ ኩባንያ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ወደ ጋራዥ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። በአሜሪካ ብቻ 1 ሚሊዮን 130 ሺህ ያህል መኪኖች ተጠሩ። ምክንያቱም በአንዳንዶቹ ሣጥኖች ውስጥ የብየዳ ነጥቦች ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ ስለ ታወቀ ነው፤ ስንጥቁም ሞተሩ እንዳይነሣ ወይም በጉዞ ላይ እንዲጠፋ ያደርጋል። ኩባንያው ሣጥኖቹን ያለ ክፍያ ለወጠ። ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ በውጭ አገር ያገለገሉ ስለ ሆኑ፣ ከአሜሪካ የመጣ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው በሻንሲ ቁጥሩ ቢያጣራ ይጠቀማል።

ሰውም በገዛ እጁ ሣጥኑን ይገድላል። ላቫጆ ውስጥ በኃይለኛ ውሃ ሞተር ማጠብ፣ ባትሪውን ሳይነቅሉ የመኪናውን አካል በኤሌክትሪክ መበየድ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሡ ሽቦውን አገላብጦ ማሰር፣ እነዚህ ሁሉ ለሣጥኑ መርዝ ናቸው። ይሁን እንጂ ከሣጥኑ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሽቦዎች፣ ማያያዣዎችና ሰንሰሮች አብልጠው ይበላሻሉ። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሰንሰር፣ ቦቢናውና የነዳጁ ፖምፓም ሲግሉ ሥራ አቁመው ሲቀዘቅዙ ይመለሳሉ። ስለዚህ መኪናው በሙቀት ብቻ መቆሙ በሣጥኑ ላይ የሚበቃ ምስክር አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይመረመራል? «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፣ ሥርዓቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

መጀመሪያ ባትሪው በቴስተር ይለካ። ባትሪው አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት፤ ሞተሪኖው ሲያስነሣ ከ10 ቮልት እጅግ መውረድ የለበትም፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ሊሆን ይገባል። የተራበ ባትሪ ጤነኛውን ሣጥን በሽተኛ ያስመስለዋል።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩም ሳይነሣ፣ የሞተሩ ምልክት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ይብራ አይብራ ይታይ። ካልበራ ሣጥኑ ምግቡ አልደረሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ፊውዙና ሪሌው ይፈተሹ። የጥቂት ብር ፊውዝ ስንቱን ሣጥን አስወንጅሏል!

ሦስተኛ፣ ሣጥኑን ከመኪናው አካልና ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋራ የሚያያይዙት ሽቦዎች ይመርመሩ። በቆላው አቧራና ላብ ዝገት ይይዛቸዋል። ሞተሩ ሲነሣ በሽቦው ሁለት ጫፍ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለካ ወንጀለኛው ሽቦው ነው።

አራተኛ፣ ስካነር ይሰካ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደርጓል፤ ብዙ ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ተከትለዋል። ሣጥኑ ለስካነሩ ካልመለሰ፣ ለሰንሰሮቹ የሚሰጠው 5 ቮልት መኖሩ ይለካ። ከጠፋ ሰንሰሮቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል 5ቱ ቮልት ከተመለሰ ጥፋቱ የዚያ ሰንሰር ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ሣጥኑ ኃይሉን በሙሉ እያገኘ ሥራውን ካልሠራ፣ ወይም እርሱን ብቻ በፀጕር ማድረቂያ ቀስ አድርገው ሲያሞቁት ሞተሩ ከጠፋ፣ ያን ጊዜ ይፈረድበት።

ከተፈረደበትም በኋላ አዲሱን ከማስገባት በፊት የሞተበት ምክንያት ይፈለግ። የተቃጠለ ቦቢና አሮጌውን ሣጥን ገድሎ ከሆነ አዲሱንም አይምረውም። የሚገዛው ሣጥን በጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋራ ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ በቶዮታ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል። ቁልፉ ቺፕ ያለው መኪና ከሆነ ቁልፉና አዲሱ ሣጥን መተዋወቅ አለባቸው፤ አለዚያ ሣጥኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሣም። ከመንቀል በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። አሮጌውም አይጣል፤ የብየዳ ነጥቡን የሚጠግን ባለሙያ ሊገኝ ይችላል።

አንባቢ ምናልባት «እኔ መኪና የለኝ፤ ይህ ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። ያገባዎታል። ሚኒባስ ያለው አጎት፣ ወይም በዕቁብ መኪና ለመግዛት የተነሣ የሥራ ባልደረባ አለዎት፤ ተምሯል ተብሎ የሚጠየቀውም እርስዎ ነዎት። በአገራችን የኦምን ሕግ በቃሉ የሚወጣው ተማሪ ቴስተር ይዞ አያውቅም፤ ቴስተሩን በኪሱ ይዞ የሚዞረው መካኒክ ደግሞ የኦምን ሕግ የነገረው የለም። በሁለቱ መካከል የሚወድቀው የባለቤቱ በሬ ነው። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ቮልት የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ያለበት ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በብዛት የያዙ ናቸውና ጕዳዩ ይበረታል እንጂ አይቀርም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት አንባቢዬም ነገሩን በጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል። ባለ ጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ መስኮቱ ፊት ሲቆም «ሲስተም የለም» ይባላል። ሲስተሙ በእርግጥ የሌለበት ቀን አለ። ነገር ግን ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ወይም ፋይሉ ከሌላ ክፍል ሳይመጣ ቀርቶ፣ ሥራው በሰው እጅ ቆሞ ሳለ ዝም ያለው ማሽን የተከሰሰበትም ቀን አለ። ማሽኑ «እኔ አይደለሁም» ብሎ አይከራከርም፤ ባለ ጉዳዩም ውስጡን ከፍቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ነገ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከአፍዎ ሊወጣ ሲል አስቀድመው ሽቦውን ይዩ፤ ፋይሉንም ይጠይቁ። ያ ሰው ለመሳፈሪያ የከፈለውን ገንዘብ ያወጣው እንደ ሚኒባሱ ባለቤት ካለው ነገር ላይ ቆርሶ ነው።