በአርበኞች ፎቶግራፍ ላይ ኋላ ስለሚጨመር ቀለም

ቀለም ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ግን እንደ ማናቸውም ምስክር ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ ዘመን ከጠላት ወረራ ጊዜ የቀሩት የአርበኞች ፎቶግራፎች፥ ጥቁርና ነጭ ሆነው የተነሡት፥ በኮምፒዩተር ቀለም እየተቀቡ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ወጣቱ አባቶቹን በሕይወት እንዳሉ አድርጎ በማየቱ ደስ ቢለው አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ቀለሙ ኋላ የተጨመረ መሆኑ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

የእውነተኛው የቀለም ፎቶግራፍ ታሪክ ልዩነቱን ይገልጠዋል። ፈረንሳውያኑ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1899 ዓ.ም. ለገበያ ያወጡት ኦቶክሮም የተባለው ዘዴ፥ ብርቱካንማ፥ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም በተነከረ የድንች ዱቄት ብናኝ የተሸፈነ ብርጭቆ ነበር። ብርሃኑ በብናኙ ውስጥ አልፎ ስለሚቀረጽ፥ ቀለሙ የሚመጣው ከሚነሣው ነገር ከራሱ ነበር። ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ጦርነት፥ ፖል ካስቴልኖና ፈርናን ኩቪል የተባሉ የፈረንሳይ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች የፈረሰውን ከተማና የደከመውን ወታደር በዚህ ዘዴ አንሥተዋል። ብርጭቆው ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፥ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆም ነበረበት፤ ስለዚህም ዘዴው ለውጊያው ለራሱ አልበቃም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጥበብ ፈጽማ የራቀች አልነበረችም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተደረገውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ባልደረባ ሮበርት ሙር በቀለም አንሥቶታል። ይሁን እንጂ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን በተሻገረ ጊዜ፥ ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ስለዚህ ከዚያ ጦርነት የቀረው ፎቶግራፍ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ብዙውንም ያነሣው ሉቼ የተባለው የወራሪው መንግሥት ድርጅት ነው።

ባሕር ዳርም በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ እነ መንገሻ ጀምበሬና እነ በላይ ዘለቀ የመሩት የጎጃም አርበኛ ደሙን አፈሰሰ። እንግዲህ በዚያ ዘመን በጣና ዳር የተነሣ ፎቶግራፍ ለኮምፒዩተር ቢሰጥ፥ ሐይቁን ሰማያዊ አድርጎ ለመቀባት አያመነታም። ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውሃ ግን ግልገል ዓባይ ተብሎ ሲወርድ፥ በክረምት የጎጃምን አፈር ተሸክሞ ጣናን እንደሚያደፈርስ የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቀይና አረንጓዴም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ መኪናው የአርበኛውን ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ቢያዛውር ማን ያርመዋል? በውሃ የተሳሳተ በደምና በሰንደቅም ይሳሳታል።

ምናልባት «የጣና ገዳማት ሠዓሊም ያላየውን ይቀባ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ፊት የሚቆም ሁሉ የሚያየው የሠዓሊ እጅ መሆኑን ያውቃል። ሠዓሊው ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ኃጥኡን በአንድ ዓይን ሲሥል ፍርዱን በግልጽ ይናገራል እንጂ «በስፍራው ነበርሁ» አይልም። በፎቶግራፍ ላይ የሚጨመር ቀለም ግን ግምቱን በፎቶግራፉ ምስክርነት ሸፍኖ ያቀርባል።

ስለዚህ የአርበኛን ፎቶግራፍ ቀለም የሚቀባ ሁሉ «ቀለሙ ኋላ የተጨመረ ነው» ብሎ ከሥሩ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውንም ሳይነካ ያኑር። የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች የአባታቸው ካባ፥ ጋሻና ሰንደቅ በቤታቸው ካለ፥ እውነተኛው ቀለም በዚያ ነውና ከባለቤቱ ስም፥ ከቦታውና ከዘመኑ ጋራ ያስመዝግቡት። ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍትም ይህን ምስክርነት ሊሰበስቡ ይገባል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሚጠራው ግን መጀመሪያ ሳይበረዝ የተጠበቀው ነው።