ስለ ፕሌት ማውጫ መኪናና ስለ ተማሪዎች መጻሕፍት



የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በ2015 ዓ.ም. ለብዙ ተማሪዎች በጊዜው ስላልደረሱ፥ መጻሕፍት በአገር ውስጥ ይታተሙ የሚለው ዐሳብ ደጋግሞ ይሰማል። እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም ብዙ ሲባል፥ ገጹን በፕሌት ላይ ስለሚጽፈው የሌዘር መኪና የሚናገር ጥቂት ነው።

በዚህ መኪና ፕሌቱ በሲሊንደር ላይ ተጠምጥሞ ሲዞር፥ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሌዘር ዳዮዶች ይጽፉበታል። ዳዮዶቹ 32 ናቸው እንበል። ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር 32 መስመር ይጻፋል፤ ዳዮዶቹን የያዘው ክፍልም ያንኑ ያህል ወደ ጎን ይራመዳል። ከነዚህ አንዱ ቢሞት፥ በፖዘቲቭ ፕሌት ላይ ሌዘር ያላገኘው መስመር ሳይታጠብ ይቀርና ቀለም ይይዛል። በአንድ ኢንች 2400 መስመር በሚጽፍ መኪና የመስመሩ ስፋት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ነው፤ ለብቻው ዓይን አይገባም። ነገር ግን በየሚሊሜትሩ ሲሶ ስለሚደጋገም ካርታውና ሥዕሉ ይበላሻል።

አንድ ማተሚያ ቤት በዚህ ምክንያት መኪናውን አቁሞ ከውጭ አገር መለዋወጫ ሲጠብቅ አይቼ እጅግ አዘንሁ። ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ፥ መኪናው ከሞተው ወዲህ ወይም ወዲያ በተከታታይ ባሉት ደኅና ዳዮዶች ብቻ እንዲጽፍ፥ እርምጃውንም በዚያው ልክ እንዲያሳጥር ማድረግ ይቻላል። የሞተው 21ኛው ከሆነ የፊተኞቹ 20 ይሠራሉ፤ 5 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጽሕፈት 8 ደቂቃ ይፈጃል። የሞተው 32ኛው ከሆነ ግን 31 ስለሚቀሩ መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም። የደከመ ዳዮድ ሲሆን ኤሌክትሪክ ጨምሮ ማበርታት የተለመደ ነው፤ ይህ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፥ የሌሎቹን ኃይል ወደ እርሱ አውርዶ ሲሊንደሩን ቀስ አድርጎ ማዞር ይሻላል እላለሁ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፥ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መኪና የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች፥ መኪናው በቀሩት ዳዮዶች መሥራት ይችል እንደ ሆነ፥ ይህንንም የአገራችን ባለሙያ ራሱ ያስተካክለው እንደ ሆነ፥ ወይስ የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ይቀር እንደ ሆነ፥ ከውል በፊት በጽሑፍ እንዲያስመልሱ በትሕትና አመለክታለሁ። ዳዮዱ ለየብቻው የሚለወጥ ወይም ከነመያዣው የሚገዛ መሆኑም አብሮ ይጠየቅ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር