«ለምን ተቃጠለ?» የሚል ጠፋ

ደብረ ታቦር ላይ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። በጉና በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይከተላል፣ መብራት ይሄዳል። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ ሲመጣ አምፖሉ ከወትሮው በላይ ቦግ ይላል። በዚያች ቅጽበት ከአንዱ ቪዲዮ ቤት ጠረጴዛ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ስንት ብር የፈሰሰበት ኮምፒውተር ጸጥ ይላል።

ባለቤቱ «መብራት ኃይል ጉድ ሠራኝ» ይላል። ጠጋኙ ኬዙን ከፍቶ «ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ቀይረው» ይላል። ባለሱቁ «ይኼ 750 ዋት ነው፤ ይበቃሃል» ይላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አዲሱ ይገጠማል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሁሉም ተመራርቆ ይለያያል። በዚህ ሁሉ መሃል «ለምን ተቃጠለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ዕቃ የሚሰካው አሮጌው በተቃጠለበት ሶኬት፣ በዚያው ዲቫይደር፣ በዚያው ኧርዝ በሌለው መስመር ላይ ነው። ያው ምክንያት ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ ማዘርቦርዱን፣ ግራፊክስ ካርዱንና ዲስኩን አስከትሎ ሊሄድ ይችላል።

ኬዙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ የሚጋፈጠው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ያንን ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ቀንሶ ያከፋፍላል። ሌላው ሁሉ ከእሱ እጅ ነው የሚበላው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ፣ ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ ወይም ሙቀት ሲበዛ ራሱን ያጠፋል፤ ቢሞትም ብቻውን ይሞታል። በርካሹ ላይ ግን ይህ መከላከያ ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ የቀረ ነው። ርካሹ ሲሞት ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሞተው።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው ከተባለ በተራ በተራ መነሳት አለበት።

የመጀመሪያው ገዢው ራሱ ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ ሞዴሉን በቃሉ ይዞ፣ ቪዲዮ አይቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ ደውሎ አወዳድሮ ነው። ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርስ «ያለውን አድርግበት» ይላል። በሬው ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየበት ቦታ ይህ ነው። አርቲኤክስ 3080 የሚባለው ካርድ ብቻውን 320 ዋት ይጠጣል፤ አምራቹ ለጠቅላላው ማሽን የሚመክረው 750 ዋት ነው። አርቲኤክስ 4090 ደግሞ ለብቻው 450 ዋት ይፈልጋል፤ ለእሱ የሚመከረው 850 ዋት ነው። ይህን የሚያህል ጭነት ስሙ በማይታወቅ ቆርቆሮ ላይ ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ በኮንትራት እሳት መግዛት ነው።

ሁለተኛው ሻጩ ነው። «750 ዋት» የሚል ጽሑፍ በራሱ ምንም አያረጋግጥም። የዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ያወጣል። ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 ማባዛት ነው። 62 አምፔር ካለ 744 ዋት ይሆናል፤ ስሙን ይመስላል። 30 አምፔር ካለ ግን 360 ዋት ነው፤ በላዩ 750 ተብሎ ቢጻፍም። ይህን ለማስላት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል። ሠንጠረዥ ጭራሽ የሌለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ባለበት መደርደሪያ ላይ መቅረት አለበት።

«እኔ ከአስመጪ ያመጣሁትን ነው የምሸጠው» የሚል መልስ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። 360 ዋቱን 750 ብሎ መሸጥ ሚዛን ላይ ድንጋይ ጨምሮ ቅቤ ከመሸጥ አይለይም። በቅቤው ገበያው ይጮኻል፤ በዋቱ ግን ዝም ይባላል፤ ምክንያቱም ዋት አይታይም።

ሦስተኛው ጠጋኙ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ጠጋኝ ፓወር ሰፕላይ የሚፈትነው በአንዲት የወረቀት መያዣ ሽቦ ነው። በትልቁ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ያገናኛል፤ ፋኑ ከዞረ «ደህና ነው»፣ ካልዞረ «ሞቷል» ይላል። ይህ ዘዴ የሚያሳየው ዕቃው መነሳቱን ብቻ ነው። ጭነት ሲመጣበት 12 ቮልቱ ወደ 11 ይውረድ አይውረድ አይነግርም። ሬንደር ሲጀመር ብቻ የሚያጠፋ ማሽን ስንት ጊዜ «ዊንዶውሱ ነው» ተብሎ ፎርማት ተደርጓል?

የባሰው የገመዱ ጉዳይ ነው። በዛሬ ጊዜ ብዙዎቹ ውድ ፓወር ሰፕላዮች ገመዳቸው ተነቃይ ነው። ጠጋኙ ይቸኩላል፤ አሮጌው ገመድ በኬዙ ውስጥ ተስተካክሎ ታስሯል፤ «ለምን እንደገና እፈታዋለሁ?» ብሎ አዲሱን ሳጥን በአሮጌው ገመድ ላይ ይሰካዋል። ይገጥማልም። ነገር ግን ማዘርቦርዱና ዲስኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ በደረጃ የተወሰነ ሲሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ደረጃ የለውም። እያንዳንዱ አምራች የሽቦውን ቅደም ተከተል በራሱ መንገድ ያደርገዋል፤ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። 5 ቮልት መግባት በነበረበት ቀዳዳ 12 ቮልት ይገባና ዲስኩ በአንዲት ሰከንድ ያበቃለታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን የማይለቀም ነው።

ዲስኩ ላይ ያለው ምንድነው? የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ነው። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ አያቷ ሲመርቋት። እኚያ አያት ምናልባት ዛሬ በሕይወት የሉም። የሙሽራዋ እናት መጥተው «ልጄ፣ ቪዲዮው ደረሰ?» ሲሉ ልጁ ምን ብሎ ይመልሳል? «እትዬ፣ ፓወር ሰፕላይ ስንቀይር ተቃጠለ» ይበል? ግራፊክስ ካርድ በገንዘብ ይተካል፤ የአያት ምርቃት ግን አይተካም። ስለዚህ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲገባ ገመዱም ከራሱ ካርቶን የወጣው መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰው አደራ ያለበት ዲስክ ሌላ ቅጂ ሊኖረው ይገባል።

እዚያው ላይ ሌላ ድፍረት አለ፤ የሞተውን ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ ውስጡን መነካካት። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚያወጣበትን መንገድና መሣሪያ የማያውቅ ሰው ሊከፍተው አይገባም። ሙያውን ያወቀ ጠጋኝ መኖሩ በረከት ነው፤ ድፍረት ግን ሙያ አይደለም።

አራተኛው ቤቱ ነው። ኬዙን በባዶ እጅ ሲነኩት «ይነዝራል» የማይል የኮምፒውተር ባለቤት ስንት አለ? ይህ ንዝረት ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ሦስተኛው ሽቦ፣ ኧርዙ፣ የለም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ ትርፉን ወደ መሬት መስደድ ሲገባው መሄጃ ያጣና ኬዙ ላይ ይቀራል። ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ በሁለት ቀዳዳ ማስተላለፊያ ተሰክቶ፣ እሱም ከርካሽ ዲቫይደር ጋር ተያይዞ፣ ዲቫይደሩም ከሌላ ዲቫይደር ተቀጥሎ ይሠራል። ከዚያ ነጎድጓድ ሲመጣ መከላከያው ሠራ አልሠራ ይባላል። መሬት የሌለው መከላከያ ትርፉን የት ይጥለዋል?

አምስተኛው መስመሩ ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ መብራት ኃይልን ሲያማርር እውነት አለው። የጉና ዝናብ በጉማራና በርብ ወንዞች ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና በዓባይ ወጥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው፣ 5150 ሜጋ ዋት ማመንጨት እንዲችል ወደተሠራው ግድብ ይደርሳል። ውሃው ከዚህ ነው የሄደው። ተመልሶ ደብረ ታቦር ሶኬት ላይ ሲደርስ ግን ሰውን የሚጎዳው የመጨረሻው ምሰሶ ነው። ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ምሰሶው ላይ ሲላላ ወይም ሲበጠስ 220 ሊገባበት የሚገባው ቤት ወደ 380 ቮልት የሚጠጋ ሊቀበል ይችላል። «መብራቱ ቦግ አለ» የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ የሰፈርን ሽቦ ማጥበቅ ሌላ ሥራ ነው። በመጀመሪያው የሚኮራ ተቋም በሁለተኛው ሊጠየቅ ይገባዋል። ቦግ ያለበት ሰፈር ሰውም ቲቪው እስኪቃጠል ከመጠበቅ ተሰብስቦ ማመልከት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ማንም የማያነሳው የከፍታ ጉዳይ አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጋይንት ሲወጣ ከዚያም ከፍ ይላል። በብዙ ቻይና ሠራሽ አዳፕተሮች ጀርባ ላይ «2000 ሜትር» ወይም «5000 ሜትር» የሚል ትንሽ ምልክት አለ። ዕቃው በደህና እንዲሠራ የታሰበበት የከፍታ ወሰን ማለት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት አያወጣም፣ በሽቦና በሽቦ መሃል ያለውን ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሠራ ዕቃ ደጋ ላይ ወዲያው ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ ኅዳጉ ግን ይጠባል። በአገሪቱ ሰፊ ክፍል፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ሰው የሚኖረው ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ታዲያ ይህን ምልክት አይቶ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ይህን ጠይቆ የሚያስገባ ተቆጣጣሪ መኖር አልነበረበትም?

«ገንዘብ የታለና?» የሚለው መልስ መሰማት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። በውጭ አገር እስከ 10 ዓመት ዋስትና የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ እዚህ ሲደርስ ዋጋው ያስደነግጣል፤ ዋስትናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያበቃል። ይህ እውነት ነው። ግን ሒሳቡ ይሠራ። ርካሹን ሁለት ጊዜ ገዝቶ በሦስተኛው ግራፊክስ ካርድ ያጣ ሰው ምን ቆጠበ? ገንዘብ የጎደለው ሰው ከካርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ፓወር ሰፕላዩን ከፍ ቢያደርግ ይሻለዋል። ቀስ ያለ ማሽን የሰርጉን ቪዲዮ በሁለት ቀን ዘግይቶ ያስረክባል፤ የተቃጠለ ማሽን ጭራሽ አያስረክብም።

ገንዘብ የማይጠይቅም አለ። መብራት ሲሄድ መሰኪያውን መንቀል፣ ሲመጣ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ በነጻ ነው። ነጎድጓድ ሲያስገመግም አጥፍቶ መንቀል በነጻ ነው። ሠንጠረዡን ማንበብ በነጻ ነው። ጠጋኙን «ምክንያቱ ምንድነው? ሶኬቱን ለካኸው? ገመዱ ከራሱ ካርቶን ነው?» ብሎ መጠየቅም በነጻ ነው። ደህና ጠጋኝ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ከሆነ ማሽኑን ይዞ መሄድ ነው። የሚከፈልበት ደግሞ በቅደም ተከተል ይከፈል፤ መጀመሪያ ኧርዝ፣ ቀጥሎ ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ዩፒኤስ። ስታብላይዘር ገዝቶ ኧርዝ የሌለው ቤት ጣሪያ ሠርቶ መሠረት የረሳ ቤት ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ያንን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወስዱት ሸለቆው እየተጠረገ፣ ገደሉ እየተሰበረ መንገድ ይሠራለት ነበር። የጦርነቱ ፍጻሜ ሌላ ታሪክ ነው። መድፉ ግን የደረሰው መንገድ ስለተሠራለት ነው። ዛሬ በዚያው አገር ልጆች መድፉን እየገዙ መንገዱን ይረሳሉ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ኧርዙና የምሰሶው ሽቦ መንገዱ ናቸው። በሚቀጥለው ክረምት «ጧ!» ሲል «ቀይረው» ከመባሉ በፊት አንድ ሰው ቆም ብሎ «ለምን?» ይበል።