ሌቦቹ የማን ወገን ናቸው?

ፊሊፕ ጋሌ እ.ኤ.አ. በ1565 የፒተር ብሩጌልን ንድፍ ተከትሎ በመዳብ ላይ የቀረጸውን «የመልካሙ እረኛ ምሳሌ» ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሌቦቹ እነማን ናቸው? ምን እያደረጉ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ምሳሌው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የሚገኘው ነው። ክርስቶስ በግ በትከሻው ተሸክሞ በአንድ የገጠር በረት ደጃፍ ቆሟል፤ በጎቹ እግሩ ሥር ናቸው። ከእርሱ ግራና ቀኝ ግን ዘረፋ ነው። ገሚሱ ጣራውን ያፈርሳል፣ ገሚሱ ግድግዳውን ይነድላል፣ ሌላው በግ ነጥቆ ይሄዳል። በሩ ላይ ዝር ያለ የለም።

ተንታኞችም እንደ ተማሪዎቼ ናቸው። አንዱ ሌቦቹን የሮም ካህናት ሊያደርጋቸው ይሻል፤ ሌላው የተሐድሶ ሰባኪዎች፤ ሦስተኛው ኔዘርላንድን ይገዛ የነበረው የስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊጶስ ሹማምንት። እኔ ይህን ንባብ ስንፍና እለዋለሁ። ሌባው የወዲያኛው ወገን ነው ያለ ሰው ራሱን ነጻ አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የሚያይበት ምክንያት የለውም።

«ሠዓሊው ስም ያልጠራው ፈርቶ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይሁን፤ መናፍቅ የተባለ በሞት ይቀጣ በነበረበት አገር መፍራት አያስነቅፍም። ፍርሃት ግን ከበስተጀርባ የሚታየውን ሰው አያብራራልንም። በአንደኛው ጥግ እረኛው ከተኩላ ጋር ተናንቋል፤ በሌላኛው ጥግ ቅጥረኛው መንጋውን ጥሎ ይሮጣል።

በእኛ የፖለቲካ ቋንቋ፣ በተለይ ከአብዮቱ ዘመን ወዲህ፣ «ቅጥረኛ» ማለት ለባዕድ ያደረ ጠላት ነው። ቃሉን በሌላው ላይ መለጠፍ የለመድነው ስለዚህ ይመስለኛል። የወንጌሉ ቅጥረኛ ግን ለማንም አላደረም፤ አንዲት በግም አልሰረቀም። ወንጀሉ ደመወዙን ሲበላ ቆይቶ ተኩላ ሲመጣ መሸሹ ነው። እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በየትኛው ፓርቲ መዝገብ ውስጥ እንፈልገው? በደመወዝ የምንተዳደር፣ ተምረናል የምንል፣ በክፉ ቀን «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» የምንል ሁሉ ከጣራው ይልቅ ይህን ጥግ አተኩረን ብናይ ይሻላል።

ሥዕሉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1566፣ በኔዘርላንድ ሕዝብ አብያተ ክርስቲያናትን እየሰበረ ገብቶ ቅዱሳት ሥዕላትን ባደባባይ አወደመ። በ1567 የአልባው መስፍን ከነሠራዊቱ ደረሰ። ያን ጊዜም ተኩላ ተብሎ የሚጠራው ሁልጊዜ ሌላው ወገን ነበር፤ የሸሸውን የጠየቀ አልነበረም።