ዳቦ ሲደፋና ወጥ ሲደፋ

ዛሬ ጓዳ እንገባለን። ጓዳ ቃል የሚበዛበት ቦታ ነው።

አንዲት ሴት "ዳቦ ደፋች" ስንል ጋገረች ማለታችን ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። "ወጥ ደፋች" ስንል ግን ወጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጎረቤት ይበተናል። ቃሉ ያው "ደፋች" ነው። ዱሮ ንጉሥም ዘውድ ይደፋ ነበር፤ እሱ ግን አይበላም። ሊጡ ኩፍ ሲል ደስ ይለናል። ጋጋሪዋ ኩፍ ካለች ግን ዳቦውን እርሱት።

ወደ ሆሳዕና ጓሮ እንውጣ። እንሰት ይፋቃል። ጥርስ ይፋቃል። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ፊደልም ይፋቃል። ስለዚህ "ፍቂ!" ያልናት ተማሪ ተነሥታ ወደ ጓሮዋ ብትሄድ አንፈርድባትም። ከፊደል ይልቅ እንሰት ብዙ ጊዜ ፍቃለች። የተፋቀው ሲጨመቅ ወርዶ የሚረጋው ነጩ ቡላ ነው። ሌላው ጉድጓድ ገብቶ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ቡላ በቅቤና በወተት ሲሠራ አታካና ነው፤ ሀዲያ እንግዳ ያከብርበታል። ግን ነጣ ያለ ፈረስም ቡላ ይባላል። ገበያ ላይ "ቡላ ጠፍቷል፤ ያገኘ ይመልስ" የሚል ወረቀት ብታዩ ማንኪያችሁን አስቀምጡ። ገመድ ይዛችሁ ውጡ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይህን አንብቡ፦ "ዳቦው የሚደርሰው ገና ነው።" "ና" ከላላ ዳቦው አልበሰለም፤ ትንሽ ቆዩ። "ና" ከጠበቀ ግን እስከ ታኅሣሥ 29 ጠብቁ! "ቆጮ አለ" የሚለውም እንዲሁ ነው። "ለ" ሲጠብቅ ቆጮ ቤት ውስጥ አለ። ሲላላ ሰውየው "ቆጮ" ብሎ ተናገረ እንጂ ጓዳው ባዶ ሊሆን ይችላል። በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይኛንና ከምባትኛንም በዚሁ በግዕዝ ፊደል ያስተምር ነበር። ዛሬ ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ የሚጠብቀው ፊደል ሁለቴ ይደገማል። በአማርኛ ግን ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እንጀራ ነው። የሆሳዕና ሰው ጓሮው እንሰት ሞልቶት ሳለ "እንጀራ ፍለጋ ሄደ" ይባላል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ሰው ወርዶ ሸንኮራ ቆርጧል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወጣቱ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። እዚያ አገሬው የሚበላው የበቆሎ ገንፎ ነው። ልጁ ግን "እንጀራ አገኘሁ" ብሎ ይጽፋል።

እንበልና አንድ ቀን "እማዬ፣ እንጀራዬ ተቆረጠ" ብሎ ጻፈ። ለእናት የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ወደ ጨዋታው ሮጠ። እናት ይስቃሉ። "ይቆረጥ እንጂ! ሳይቆረጥ እንዴት ይጎረሳል?" ይላሉ። ልጁ የጻፈው ግን ሥራዬን አጣሁ ነው። ከታች "ተበድሬ ነው የምበላው፤ ላኩልኝ" የሚል መስመር አለ። ወረቀቱ ታጥፎ ከመሶቡ ሥር ተቀምጧል። እናት ራሳቸው ፊደል ቢቆጥሩ ኖሮ በዚያው ምሽት በኩራዝ አጠገብ ይደርሱበት ነበር።

ለሚቀጥለው ሳምንት ይህን ፍቱ፦ "አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሲስሉ አደሩ።" ቢላዋ ነው ወይስ ጉንፋን? ጠዋት ቆጮ የከተፈችውን ጠይቁ።